ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የአብራሪዎቹ ወረፋ የማን ይሆናል?

በግንቦት 2012 በወቅቱ የሕንድ መንግሥት ንብረት በነበረው ኤር ኢንዲያ በርካታ አብራሪዎች “ታመናል” ብለው ከሥራ ቀሩ። አድማው 58 ቀናት ፈጀ። የረጅም ርቀት በረራዎች ተሰረዙ፣ መቶ ገደማ አብራሪዎች ከሥራ ተባረሩ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የጠቡ መነሻ አየር መንገዱ በዚያው ዓመት ሊረከባቸው የነበሩትን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር አውሮፕላኖች ለማብረር የሚሰጠው ሥልጠና ነበር። አድመኞቹ የሥልጠናው ተራ የእነሱ እንደሆነ ያምኑ ነበር። አስተዳደሩ ግን ከአምስት ዓመት በፊት በውህደት ከመጡት የኢንዲያን ኤርላይንስ አብራሪዎች ጋር እንዲካፈሉት ወሰነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአንድ የሥልጠና ተራ ሲባል ሁለት ወር ገደማ ሥራ ማቆም ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራ ያጋባል። ለአብራሪ ግን ተራ የሙያ ዘመኑን በሙሉ የሚወስን ሀብት ነው። አየር መንገዶች ሲዋሃዱ በጋዜጣዊ መግለጫ የሚነገረው ስለ አዲሱ ስም፣ ስለ መዳረሻዎቹ ብዛት እና ስለሚቆጠበው ወጪ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች አብራሪዎች በአንድ መዝገብ ሲሰፍሩ ማን ከማን በላይ ይጻፋል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ለኋላ ይተዋል። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ውህደቱን ለዓመታት ከወረቀት እንዳያልፍ ሊያደርገው እንደሚችል የአሜሪካ እና የሕንድ ልምድ ያሳያል።

የአፍሪካ መንግሥታት የተበታተኑትንና በዕዳ የተያዙትን አየር መንገዶቻቸውን ስለማጣመር በተደጋጋሚ ሲናገሩ ይሰማል። በመሆኑም ጉዳዩ ከቀጣናችን የራቀ አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይወስናል?

በብዙ አየር መንገዶች እያንዳንዱ አብራሪ በተቀጠረበት ቀን መሠረት ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ በሙያው “ሲኒየሪቲ” የሚባለው የአገልግሎት ቀደምትነት ነው። ረዳት አብራሪው ወደ ካፒቴንነት መቼ እንደሚያድግ፣ ትልቁን አውሮፕላን ማን እንደሚያበር፣ መኖሪያው የትኛው ከተማ እንደሚሆን፣ የበዓል ቀን ማን ቤቱ እንደሚውል ይኸው ቁጥር ይወስናል። ደመወዝም በአብዛኛው ከአውሮፕላኑ ዓይነት እና ከካፒቴንነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ቁጥሩ የገቢ መጠን ጉዳይም ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቅነሳው የሚጀምረው ከዝርዝሩ ግርጌ ነው።

ሌላው ሠራተኛ ልምዱን ይዞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት መሄድ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ግን ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን መሥሪያ ቤት ከቀየረ፣ ልምዱ ምንም ያህል ቢሆን በአዲሱ ዝርዝር ከመጨረሻው ረድፍ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። የተመዝጋቢው ተራ በገበያ አይሸጥም፣ ወደ ሌላ ከተማ ይዘውት አይሄዱም። ሆኖም ያ ሰው ካሉት ንብረቶች ሁሉ ዋነኛው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥርዓት የቆየበት ምክንያት አለው። ዕድገት በአለቃ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ፣ በአየሩ መክፋት ወይም በአውሮፕላኑ ብልሽት ምክንያት “አልበርም” ያለ ካፒቴን በሚቀጥለው ዕድገት ሊቀጣ ይችል ነበር። ቁጥሩ ግን ለአለቃ አይታዘዝም። የአብራሪ ማኅበራት ቀደምትነትን ከበረራ ደኅንነት ጋር አያይዘው የሚከራከሩለት ለዚህ ነው።

አንዱን ያስደሰተ ሌላውን ያስቀይማል

ሁለት ዝርዝሮችን ወደ አንድ ለማምጣት በተለምዶ የሚታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የቅጥር ቀንን ብቻ መከተል ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ አብራሪ በነበረበት ዝርዝር ላይ የያዘውን አንጻራዊ ቦታ መጠበቅ ሲሆን፣ ካፒቴኑ ከካፒቴን፣ ረዳቱ ከረዳት ጋር እየተፈራረቀ ይሰለፋል። ሦስተኛው የተገዛውን ኩባንያ አብራሪዎች በሙሉ ወይም በከፊል ከገዢው ዝርዝር ግርጌ መለጠፍ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው ኩባንያ ለአሥራ አምስት ዓመት አዲስ ሰው አልቀጠረም እንበል። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለው አብራሪ እዚያ አሁንም የመጨረሻው ረዳት ነው። ሌላው ኩባንያ በፍጥነት በማደጉ፣ በስድስተኛ ዓመቱ ካፒቴን የሆነ ሰው አለው። በቅጥር ቀን ከሄድን ወጣቱ ካፒቴን ከሌላው ኩባንያ ረዳቶች ሁሉ በታች ይወድቃል፣ ወንበሩንም ሊያጣ ይችላል። በአንጻራዊ ቦታ ከሄድን አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀው ሰው ትናንት ከተቀጠረ ልጅ ጎን ይሰለፋል። ሁለቱም ተበደልን ይላሉ፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

አሥራ አንድ ዓመት የፈጀው ዝርዝር

በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው የዩኤስ ኤርዌይስ እና የአሜሪካ ዌስት ውህደት ነው። በ2005 ዩኤስ ኤርዌይስ ለሁለተኛ ጊዜ በኪሳራ ጥበቃ ሥር ነበር። መቀመጫውን አሪዞና ያደረገው አነስተኛው አሜሪካ ዌስት ከእሱ ጋር ተዋሃደ፤ አዲሱ ኩባንያ የትልቁን ስም ይዞ በትንሹ ኩባንያ አመራር መሥራት ጀመረ።

“ምሥራቆች” የተባሉት የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ አብዛኞቹም ረጅም ዘመን ያገለገሉ ናቸው። ከመካከላቸው ብዙዎች ግን ኩባንያው በመዳከሙ ለጊዜው ከሥራ ተሰናብተው ጥሪ ይጠባበቁ ነበር። “ምዕራቦች” ደግሞ በዕድሜና በአገልግሎት ያንሳሉ፤ ሆኖም በሥራ ላይ ነበሩ። ምሥራቆቹ “አንጋፋ ካፒቴኖቻችን በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ፣ የሚለቋቸው ወንበሮች የእኛ ናቸው” አሉ። ምዕራቦቹ በበኩላቸው “ውህደቱ ባይኖር ኩባንያችሁ ይፈርስ ነበር፤ ወንበሩም ባልኖረ ነበር” ሲሉ ተከራከሩ።

ሁለቱም ወገኖች የአንድ ማኅበር፣ የአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር፣ አባላት ነበሩ። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ጉዳዩ በድርድርና በሽምግልና ሲያቅት ወደ ግልግል ዳኝነት አመራ። የግልግል ዳኛው ጆርጅ ኒኮላው በግንቦት 2007 ውሳኔያቸውን ሰጡ። ትልልቆቹን አውሮፕላኖች የሚያበሩ 517 የምሥራቅ አብራሪዎችን ከዝርዝሩ አናት አስቀመጡ፤ ከሥራ ተሰናብተው የነበሩትን ከግርጌ አሰፈሩ፤ የቀሩትን እንደየቦታቸው አፈራረቁ። በዚህ አሠራር ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ አንድ የምሥራቅ አብራሪ፣ ውህደቱ ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከተቀጠረ የምዕራብ አብራሪ በታች ተጻፈ።

ግልግሉ የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ሁለቱም አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ምሥራቆቹ ግን ውሳኔውን አልተቀበሉም። ብዙኃን በመሆናቸው አዲስ ማኅበር መሥርተው በ2008 በተደረገ ምርጫ ነባሩን ማኅበር ተኩ፤ የአዲሱ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብም የቅጥር ቀንን መርህ አደረገ። ምዕራቦቹ “ማኅበሩ የሁላችንም ወኪል ሆኖ ሳለ ለአንድ ወገን ብቻ ይሠራል” ብለው ከሰሱ። በ2009 ፊኒክስ ላይ የተሰየመ ጁሪ ለምዕራቦቹ ፈረደ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት “የመጨረሻ የኅብረት ስምምነት ሳይኖር ጉዳዩ ለፍርድ አልበሰለም” ሲል ሻረው።

ለዓመታት አንድ ዓይነት መለያ የሚለብሱ፣ በአንድ ኩባንያ ስም የሚበርሩ አብራሪዎች በሁለት ዝርዝር፣ በሁለት የኅብረት ስምምነት እና በሁለት የደመወዝ እርከን ሠሩ። አንድ የምሥራቅ ካፒቴን ከአንድ የምዕራብ ረዳት ጋር በአንድ የአብራሪ ክፍል መቀመጥ አይችልም ነበር። በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ አብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ሲራዘም፣ ይለቀቃሉ የተባሉት ወንበሮችም አምስት ዓመት ዘገዩ፤ ጠቡም ተካረረ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ዋጋውን የከፈሉት ውሳኔውን የተቃወሙት ራሳቸው መሆናቸው ነው። አንድ ዝርዝር ሳይኖር አንድ የኅብረት ስምምነት አይፈረምም። አንድ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ደግሞ ምሥራቆቹ በኪሳራው ዘመን በተቀነሰ ደመወዝ ቆዩ። ተራቸውን ለማስከበር ባደረጉት ትግል የደመወዝ ጭማሪ ሳያዩ ጡረታ የወጡ ብዙ ናቸው።

ነገሩ የተቋጨው ኩባንያው በ2013 መጨረሻ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር በድጋሚ ሲዋሃድ ነው። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የምሥራቆቹ ማኅበር አባላቱን ሁሉ በእኩልነት የመወከል ግዴታውን እንደጣሰ ወሰነ። በመስከረም 2016 ሦስት አባላት ያሉት የግልግል ጉባኤ ምሥራቁን፣ ምዕራቡንና የአሜሪካን ኤርላይንስን አብራሪዎች በአንድ ዝርዝር አሰለፈ። ከመጀመሪያው ውህደት አሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ ቀደም በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ቲደብሊውኤን ሲገዛ፣ የተገዛው ኩባንያ ብዙ አብራሪዎች ከዝርዝሩ ግርጌ ተለጥፈው ነበር። በመስከረም 11 የደረሰውን የሽብር ጥቃት ተከትሎ በመጣው ቅነሳ ቀድመው የወጡትም እነሱ ናቸው። ይህ በደል በ2007 መጨረሻ ለጸደቀው የፌዴራል ሕግ ምክንያት ሆነ። በሕጉ መሠረት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሠራተኞች ዝርዝር “ፍትሐዊና ርትዓዊ” በሆነ መንገድ መጣመር አለበት፤ ስምምነት ካልተገኘም ገለልተኛ ግልግል ይከተላል።

መንግሥት ባለቤትም ዳኛም ሲሆን

የሕንዱ ጉዳይ ለአፍሪካ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሁለቱም ኩባንያዎች የመንግሥት ነበሩና። ኤር ኢንዲያ በዓለም አቀፍ በረራ፣ ኢንዲያን ኤርላይንስ በዋናነት በአገር ውስጥ በረራ ይታወቁ ነበር። በ2007 በመንግሥት ውሳኔ ተዋሃዱ። ደመወዛቸው፣ የዕድገት መንገዳቸውና ማኅበሮቻቸው ግን እንደተለያዩ ቀሩ። በ2011 የቀድሞው ኢንዲያን ኤርላይንስ አብራሪዎች እኩል ክፍያ ጠይቀው አደሙ። በዓመቱ ደግሞ የቀድሞው ኤር ኢንዲያ አብራሪዎች ድሪምላይነርን አናካፍልም ብለው አደሙ።

መንግሥት የሠራተኛውን ጥያቄ እንዲያጠና በጡረታ ላይ በነበሩ ዳኛ የሚመራ ኮሚቴ ያቋቋመው በ2011 ነበር፤ ማለትም ከውህደቱ አራት ዓመት በኋላ። ኮሚቴው ሪፖርቱን ያቀረበው በ2012 መጀመሪያ ሲሆን፣ ትልቁ አድማ የተነሳው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። የኩባንያው ባለቤት፣ የሥራው ተቆጣጣሪና የኮሚቴው ሰያሚ አንድ መንግሥት በሆነበት ሁኔታ፣ ውሳኔውን ሁሉም ወገን እንደ ገለልተኛ እንዲቀበለው ማድረግ ከባድ ነበር።

በ2022 ኤር ኢንዲያ ወደ ታታ ግሩፕ ሲዛወር ጥያቄው በሌላ መልክ ተመለሰ። ከቪስታራ ጋር ሊዋሃድ ወራት ሲቀሩት፣ በ2024 የጸደይ ወራት፣ የቪስታራ አብራሪዎች በአዲሱ የደመወዝ ውል ባደረባቸው ቅሬታ ሥራ በማጓደላቸው አየር መንገዱ ከዕለታዊ በረራዎቹ 10 በመቶ ያህሉን ለመቀነስ ተገደደ። በደቡብ ኮሪያም ኮሪያን ኤር በ2024 መጨረሻ የኤሺያናን አብላጫ ድርሻ ከያዘ ወዲህ፣ የሁለቱ አብራሪዎች ቀደምትነት በምን ይለካ የሚለው ጉዳይ ከውህደቱ ፈተናዎች አንዱ ሆኗል።

ፈጥነው የጨረሱ

ውህደት ሁሉ እንዲህ አይጎተትም። በ2008 ዴልታ እና ኖርዝዌስት ሲዋሃዱ፣ የሁለቱ አብራሪዎች ወኪሎች የጋራ የኅብረት ስምምነት የቋጩት ውህደቱ በሕግ ከመጽናቱ በፊት ነበር። ለሁለቱም ወገን አብራሪዎች የኩባንያው የአክሲዮን ድርሻ ተሰጠ። ዝርዝሩን በተመለከተ መስማማት ባይችሉም፣ ለግልግል ጉባኤ ሰጥተውት ውህደቱ በጸና በሁለት ወር ውስጥ ውሳኔ ተገኘ።

ውሳኔው እዚያም ሁሉንም አላስደሰተም። ልዩነቱ ከቅደም ተከተሉ የመጣ ነው። ደመወዙ አስቀድሞ ስለተወሰነ፣ ዝርዝሩን በማዘግየት የሚጠቀም ወገን አልነበረም። በዩኤስ ኤርዌይስ ግን ምሥራቆቹ ስምምነቱን በማዘግየት ያልወደዱትን ዝርዝር ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ አደረጉትም።

ጥያቄው ወደ ቀጣናችን ሲመጣ

ምሥራቅ አፍሪካ የጋራ አየር መንገድን ያውቃል። በ1946 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ለሠላሳ ዓመት ያህል አገልግሎ በ1977 ፈረሰ። ኬንያ ኤርዌይስ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በአንድ ኩባንያ ሥር ያደጉ ብዙ ባለሙያዎችም እንደየአገራቸው ተበተኑ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልሞተም። የአፍሪካ ኅብረት በ2018 አዲስ አበባ ላይ ነጠላውን የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ሲያበስር ኢትዮጵያና ኬንያን ጨምሮ 23 አገራት ፈርመው ነበር። በ2021 ኬንያ ኤርዌይስ እና የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ በ2023 አህጉራዊ የአየር መንገድ ግሩፕ ለመመሥረት ያለመ የትብብር ማዕቀፍ ተፈራረሙ። ግሩፑ በታሰበው ጊዜ እውን አልሆነም። ሆኖም ገበያው ጠባብ፣ ዕዳው ብዙ በሆነበት አህጉር ተመሳሳይ ዕቅድ መምጣቱ አይቀርም።

የድንበር ተሻጋሪ ውህደት ችግር ከአሜሪካው ይወሳሰባል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት፣ አብራሪው ፈቃድ ማግኘት ያለበት አውሮፕላኑ ከተመዘገበበት አገር ነው፤ ወይም ያ አገር የሌላውን ፈቃድ ማጽደቅ አለበት። የሠራተኛ ሕጉ፣ የጡረታ ሥርዓቱና የገንዘቡ ዓይነትም ይለያያል። የናይሮቢና የጆሃንስበርግ አብራሪዎች በአንድ ዝርዝር ቢሰለፉ፣ ክርክሩን የሚዳኘው የየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሚሆን መልስ ያስፈልገዋል።

አውሮፓውያን ይህን ያለፉት በአንድ እናት ኩባንያ ሥር ሁለቱን አየር መንገዶች ለየብቻ በማቆየት ነው። ኤር ፍራንስ እና ኬኤልኤም፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ እና አይቤሪያ እስካሁን የየራሳቸው አብራሪዎች አሏቸው። ያም ሆኖ ጠቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ማን ከማን በላይ ይጻፍ የሚለው ቀርቶ፣ አዲሱ አውሮፕላንና አዲሱ መስመር ለየትኛው ኩባንያ ይሰጥ የሚለው መጣ። በ2014 የኤር ፍራንስ አብራሪዎች ሁለት ሳምንት ያህል ያደሙት፣ ሥራቸው በቅናሽ ዋጋ ወደሚሠራው እህት ኩባንያ ትራንሳቪያ ይሸሻል ብለው ስለሰጉ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመረጠው ከመዋሃድ ይልቅ በሽርክና መግባትን ነው። መቀመጫውን ሎሜ ባደረገው አስካይ፣ 49 በመቶ በያዘበት የማላዊ እና 45 በመቶ በያዘበት የዛምቢያ አየር መንገድ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ በየአገሩ ሕግ የቆመ ነው። በዚህ መንገድ የአብራሪዎች ዝርዝሮች አይነካኩም። ሽርክናዎቹ ሲያድጉ ግን የአውሮፓው ጥያቄ እዚህም መነሳቱ የሚጠበቅ ነው፤ ትልልቆቹ አውሮፕላኖችና ረጅሞቹ መስመሮች በአዲስ አበባ ይቀራሉ ወይስ ለሎሜና ለሉሳካ አብራሪዎችም ይደርሳሉ?

ከፊርማው በፊት

የአብራሪዎች ቁጥር ትንሽ ነው፤ አቅማቸው ግን ከቁጥራቸው ይልቃል። በኅዳር 2022 የኬንያ አብራሪዎች ማኅበር፣ 400 ገደማ አባላት ብቻ ይዞ፣ በጡረታ መዋጮና ባልተከፈለ ደመወዝ ምክንያት ሲያድም በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ለቀናት ተጉላሉ፤ ጉዳዩ የተቋጨው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ያ አድማ ከውህደት ጋር አይገናኝም። የሚያሳየው ግን በዕዳ የተያዘ አየር መንገድ የአንድ ሳምንት ጠብ እንኳ ለመሸከም እንደሚቸገር ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ከአሜሪካና ከሕንድ የሚቀሰመው ትምህርት ፍጹም ትክክለኛ ዝርዝር መፈለግ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። ማን እንደሚዳኝ፣ በምን መለኪያ እንደሚዳኝ እና ውሳኔው መቼ እንደሚጸና ከውህደቱ ፊርማ በፊት መታወቅ አለበት። የጋራ ደመወዙም አብሮ መቋጨት አለበት፤ ያ ካልሆነ የተከፋው ወገን ጊዜን መሣሪያ ያደርጋል። በቀጣናችን ባለቤቱ መንግሥት በመሆኑ፣ ዳኛው ከሚኒስቴሩ ውጭ የሆነና ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት መሆኑ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዝርዝሩ ግርጌ ለሚሰፍሩትም፣ ቢያንስ የያዙትን ወንበር ለተወሰኑ ዓመታት እንዳያጡ ዋስትና መስጠት በሌሎች ውህደቶች የተለመደ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት መሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የአየር መንገዶች ውህደት ሲፈርሙ፣ በሰነዱ ውስጥ ስለ መዳረሻዎችና ስለ አክሲዮን ብዙ ገጽ መኖሩ አያጠራጥርም። ውህደቱ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ግን ስለ አብራሪዎቹ ዝርዝር የተጻፈውን ገጽ ቢፈልግ ይሻለዋል።